የጋሽ ደጀኔ የውሃ ዋሽንት

የጋሽ ደጀኔን ሞት ያነበብኩት በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ከአያት ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣብበን ተቀምጠናል። «ጎረቤታችን አቶ ደጀኔ ዛሬ ንጋት ላይ አርፈዋል። የቀብር ሰዓት እናሳውቃለን» ይላል። ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረዋል። ስልኩን ገልብጬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሐዘን ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። የመጣልኝ ግን «አሁን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም» የሚል ነው።

የማውቀው ነገር ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የእትዬ ለተብርሃን ቤት በውሃ የተጥለቀለቀው በእኔ ጥፋት ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ደግሞ በጋሽ ደጀኔ ጥፋት መሆኑን ነው። እንዲያ ያሉት ራሳቸው ጋሽ ደጀኔ ናቸው፤ ዝም ያልኩት እኔ። ከሲኤምሲ እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ ስልኬን እንደ ገለበጥኩ ሄድኩ፤ ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

እኛ መወጣጫ ላይ ጋሽ ደጀኔና ሚስታቸው እትዬ ጫልቱ አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ፣ እኔ ሦስተኛ፣ እትዬ ለተብርሃን ከእኔ ሥር ሁለተኛ። ሦስታችንም ቤት ወጥ ቤቱ አንድ ማዕዘን ላይ ነው፣ ውሃውም የሚመጣልን በአንድ ቱቦ ነው። ይህን የምናገረው ለጌጥ አይደለም፤ በኋላ የደረሰው ሁሉ በዚህ የተነሣ ነው።

ጋሽ ደጀኔ ጄሪካን የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ሥራቸው ከማሽኑ የወጣውን እያንዳንዱን ጄሪካን በጣታቸው አንጓ መትተው ማዳመጥ ነበር። የሳሳ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይለያል። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ጣታቸው አልወጣም። የታክሲ ወንበር ጀርባ ይሁን፣ የባለሱቁ ባልዲ ይሁን፣ እኔ ቤት ሲመጡ ደግሞ የቆሻሻ መጣያዬ ሳይቀር፣ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ደስ ካላቸው «ጋሪዳ» ይላሉ፤ በኦሮምኛ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ካላስደሰታቸው ምንም አይሉም፤ ዕቃውን እንደ በሽተኛ ቀስ አድርገው ቦታው ይመልሱታል።

«ፕላስቲክ አይዋሽም» ይሉ ነበር። «ስትመቺው ያለበትን ይናገራል። ሰው ነው ስትመቺው ሌላ የሚናገረው።»

ቅዳሜ ጠዋት ቆራሌው ግቢያችን ሲገባ ሌላው ጎረቤት ያረጀውን ይዞ ሊሸጥ ይወርዳል፣ እሳቸው ሊገዙ ይወርዳሉ። አንድ ጊዜ ቆራሌው ጆንያው ውስጥ የሚያገላብጡትን ዕቃ አይቶ አዘነላቸውና «አባባ፣ ይሄ እኮ ቀዳዳ ነው፣ ደህናውን ልምረጥልዎት» አላቸው። «በደህናው ሰው ውሃ ይቅዳበት» አሉት፤ «እኔ የምፈልገው ከውሃ መያዝ ጡረታ የወጣውን ነው።» ከዚያ በቢጫ የዘይት ጄሪካን ክራር ይሠራሉ፣ ክሩ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው። በቀለም ባልዲ ከበሮ ይሠራሉ። ከግንባታ ቦታ የተጣለ የቧንቧ ቁራጭ ዋሽንት ይሆናል። ፕላስቲክ አቃጥለው አያውቁም፤ የሚጎብጠውን በፈላ ውሃ ያለሰልሱታል እንጂ። ከዚያ በፊት ደግሞ በረንዳቸው ላይ ወራት ፀሐይ ያስመቱታል። «ፀሐይ ያልጠገበ ፕላስቲክ ዛሬ አንድ ድምፅ ይሰጥሽና ነገ ሌላ ይሰጥሻል» ይላሉ። ከታች ሆኖ ላየው ሰው በረንዳው ሱቅ ይመስላል። እትዬ ጫልቱ ልብስ የሚያሰጡበት ቦታ አጥተው ከእኔ ገመድ ይዋሱ ነበር።

ስለ ውሃው መናገር አለብኝ። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ ይባላል። ሲያሻው ረቡዕ ይመጣል፣ ሲያሻው ጭራሽ ይቀራል። በስንት ሰዓት እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፣ ለምን ያህል እንደሚቆይም። ስለዚህ የፈረቃው ቀን ሰው ቧንቧ ሲጠብቅ ይውላል። ዓይኑ ቴሌቪዥን ላይ ሆኖ ጆሮው ወጥ ቤት ነው። እትዬ ለተብርሃን ባልትና ነው የሚሠሩት፣ ሽሮና በርበሬ ያዘጋጃሉ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ወፍጮ ቤት ሄደው ውሃው ያመለጣቸው ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ።

ውሃው ከመድረሱ በፊት ቱቦው ውስጥ የቆየው አየር ተገፍቶ ይወጣል። ሽሽሽ ይላል። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሁላችንም በጉጉት እንሰማዋለን። ጋሽ ደጀኔ ግን አንድ ቀን እኔ ቤት ቆመው ይህን ሲሰሙ «ይሄ ሁሉ ነፋስ በነጻ እየሄደ ነው» አሉና ወጡ። በሳምንቱ ከቧንቧ ቁራጭ፣ ከሻምፖ ክዳንና ከጄሪካን ከተቆረጠ ስስ ምላስ የተሠራ ነገር ይዘው መጥተው ቧንቧዬ አፍ ላይ ሰኩት። ከዚያ በኋላ ለመወጣጫው ቤት ሁሉ ሠሩ። ልጆቹ ፊሽካ ሲሉት ይቆጡ ነበር። «ፊሽካ የትራፊክ ነው። ይሄ ዋሽንት ነው።»

ሲያሰማ እንዲህ ነበር። አየሩ ሲገፋ መጀመሪያ የሁሉም ቤት ዋሽንት በአንድ ላይ በስሱ ይጀምራል። ከዚያ ውሃው ምድር ቤት ሲደርስ የምድር ቤቱ ወፍራም ድምፅ ጉልግል ይልና ይጠፋል። ቀጥሎ የአንደኛ ፎቅ፣ ቀጥሎ የእትዬ ለተብርሃን። የታችኞቹ እየጠፉ ሲሄዱ የላይኞቹ እየበረቱ ይመጣሉ። ደረጃ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ውሃው የት እንደ ደረሰ ያውቃል። እናቶች ዋሽንቱን ነቅለው ባልዲ ሲደቅኑ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ውሃው አራተኛ ፎቅ ሳይደርስ ይሄዳል። ያን ጊዜ የጋሽ ደጀኔ ዋሽንት ብቻውን ሲያፏጭ ቆይቶ ቀስ ብሎ ዝም ይላል። ያንን ዝምታ እንደ ሰሙ እትዬ ለተብርሃን አንድ ጄሪካን ሞልተው ወደ ላይ ይልካሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ዋሽንቱ ነው የነገራቸው።

ለየቤቱ ሲሠሩ መጀመሪያ የቤቱን ሰው ያወሩታል። የእትዬ ለተብርሃን ሁለት ድምፅ ነበረው፣ ከበረንዳ ሰው ሲጣሩ ድምፃቸው ሁለት ስለሚሆን። የእኔ ውስጥ የእስክሪብቶ ቀፎ ቁራጭ ከተቱበትና ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ምነው የኔ ብቻ?» አልኳቸው። «ባለቤቱን ይምሰል ብዬ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። እኔ የምሰጋ ሰው ነኝ። ከቤት ስወጣ በሩን ሦስት ጊዜ እሞክራለሁ። ታክሲ ከያዝኩ በኋላ ምድጃው ይመጣብኛል፣ ካውያው ይመጣብኛል። ቦሌ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ የሰው ትኬት እየቆረጥኩ ልቤ ሦስተኛ ፎቅ ነው። በመጨረሻ ለጋሽ ደጀኔ ትርፍ ቁልፍ ሰጠኋቸው። እደውላለሁ፤ «ጋሽ ደጀኔ፣ ምድጃውን አጥፍቼው ይሆን?» እላለሁ። ይወርዳሉ፣ ከፍተው ይገባሉ፣ ስልኩን እንደ ያዙ «ጠፍቷል። ቀዝቅዟል። እጄን አስቀምጬበታለሁ» ይሉኛል። አንድም ቀን በርቶ አልተገኘም። አንድም ቀን ግን «አሁንስ አበዛሽው» አላሉኝም።

የዋሽንቱ ሕግ ደግሞ አንድ ነበር። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ቧንቧው ክፍት ይሆናል፣ ዋሽንቱ አፉ ላይ ይሰካል። ሰው ሲወጣ ቧንቧው ይዘጋል፣ ዋሽንቱ በሩ አጠገብ ያለ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ምስማሩን በየቤቱ ራሳቸው ናቸው የመቱት። «መጀመሪያ መዝጋት፣ ቀጥሎ መስቀል» እያሉ ልጅ እንደሚያስጠና ሰው ሁላችንንም አስጠንተውናል። እሳቸው የሚሰጉት በዚህ ብቻ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከቢሮዬ አጠገብ ሥዕል የሚያሳዩ ወጣቶች ስለ ዋሽንቶቹ ሰምተው አብረውኝ መጡ። ደረጃው ላይ ቆመው ሰሙ፣ ቀረጹ፣ የአንዷ ዓይን እንባ ሞላ። ዋሽንቶቹን ወስደው ቦሌ አዳራሽ ውስጥ ሊያቆሟቸው ፈለጉ። «ይሄ እኮ ሳውንድ አርት ነው፣ ጋሽዬ። ኢንስታሌሽን በጣም ነው የሚሆነው» አላቸው አንዱ።

«እዚያ ውሃ ይጠፋል?» አሉ ጋሽ ደጀኔ።

«ኧረ አይጠፋም። ጀነሬተርም ፓምፕም አለን።»

«ታዲያ ምን ብሎ ይጮኻል?»

ልጁ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ሻይ ጠጥተው ሸኟቸው። በኋላ እትዬ ጫልቱ «ስምህ በቦሌ ይጠራ ነበር» ሲሏቸው፣ «ስሜ እዚህ ደረጃ ላይ ይበቃኛል» አሉ። ይህን የሰማሁት በጆሮዬ ነው።

የሁዳዴ ጾም መግቢያ ላይ ነበር፣ ዓርብ ቀን። ጠዋት ወጣሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ምድጃው መጣብኝ፣ ተመለስኩ። ጠፍቷል። እግረ መንገዴን ዋሽንቱን ከቧንቧው ነቅዬ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ። ወጣሁ፣ ካውያው መጣብኝ፣ ተመለስኩ። ጠፍቷል። ቧንቧውን ላየው ፈለግኩና ዓይኔ ምስማሩ ላይ ዋሽንቱን አየ። ዋሽንቱ ከተሰቀለ ቧንቧው ተዘግቷል ማለት ነው ብዬ ወጣሁ። በእሳት የሰጋሁትን ያህል በውሃ ሰግቼ አላውቅም ነበር። ደረጃው ላይ ጋሽ ደጀኔን ባዶ ጆንያ ይዘው ሲወርዱ አገኘኋቸው፤ ቦሌ ለሚ አካባቢ ከሚፈርስ ግንባታ ቧንቧ ሊለቅሙ ነው። እስከ ታክሲ መያዣው አብረን ሄድን። «ምድጃው?» አሉኝ። «ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ደወሉ። «ሰናይት፣ ምንም የለም። ስትመጪ ቤትሽ እርጥብ ነው፣ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

ስደርስ ደረጃው ላይ የእትዬ ለተብርሃን ጆንያዎች ተደርድረዋል። ለጾሙ ያዘጋጁት ሽሮ ነው። ውሃ ጠጥቶ አብጦ ጆንያውን ወጥሮታል፣ ከሥሩ ቢጫ ውሃ ይንጠባጠባል። እትዬ ለተብርሃን አያለቅሱም፤ ቆመው ያዩታል። ከመሃል ጋሽ ደጀኔ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሶ ቆመዋል። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቃቸው ደረስኩ።

«ጠዋት የሰናይትን ዋሽንት ላስተካክል ገብቼ ነበር» አሉ። «ቧንቧውን ክፍት ትቼው ወጣሁ። እርጅና ነው።»

ወደ ቤቴ ገባሁ። ወለሉ ተጠርጓል፣ ምንጣፌ በረንዳ ላይ ተሰጥቷል። ምስማሩ ባዶ ነው። ዋሽንቱ ቧንቧው አፍ ላይ ተሰክቷል። እኔ ዋሽንቱን ሰቅዬዋለሁ፣ እጄ ያስታውሰዋል። እሳቸው ደግሞ ጠዋት ከእኔ ጋር ነው የወጡት። ሲመለሱ ከበሬ ሥር ውሃ ሲፈስ አይተው በቁልፋቸው ከፍተው ገብተዋል፣ የተከፈተውን ቧንቧ ዘግተዋል፣ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ዋሽንት አይተዋል። አውርደውም ሰክተውታል። ዋሽንቱ ያን ቀን አልጮኸም፤ ቧንቧው ላይ ቢሆን ኖሮ ይጮህ ነበር፣ አንድ ሰው ይሰማ ነበር፣ ይህ ሁሉ ባልደረሰ።

ወደ ላይ ወጥቼ የጋሽ ደጀኔን በር አንኳኳሁ። ወጡና በሩን ከኋላቸው ገጠም አደረጉት።

«ጋሽ ደጀኔ፣ ጠዋት አብረን ነው የወጣነው።»

«አዎ።»

«ዋሽንቱም ምስማሩ ላይ ነበር።»

«ነበር።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አሉ?»

«ለተብርሃን ዛሬ የምትናደድበት ሰው ያስፈልጋታል» አሉ። «እኔን ብትናደድ ሁለት ሳምንት ነው፤ አብረን ስንት ነገር አሳልፈናል። አንቺን ደረጃው ላይ አንዴ ብትገላምጥሽ ግን እንቅልፍ አይወስድሽም። ቤት ለቀሽ ትሄጃለሽ። አውቅሻለሁ።»

«እኔ ልናገር።»

«እስቲ ይብረድላት። ያን ጊዜ ራስሽ ትነግሪያታለሽ።»

«እትዬ ጫልቱስ ያውቃሉ?»

«ጫልቱ ዛሬ ካወቀች ለተብርሃን ነገ ጠዋት ታውቃለች» አሉና ፈገግ አሉ።

እውነቱን ልናገር፤ ቀለለኝ። በዚያ መቅለል ዛሬም አፍራለሁ።

ሒሳባቸው ግን ተሳሳተ። እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ስብሰባ ተጠራ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደረደሩ። ጋሽ ደጀኔ የተበላሸውን ሁሉ እተካለሁ አሉ። እትዬ ለተብርሃን ተነሡ። «ገንዘብህን አልፈልግም። ሌላ ሰው ቢሆን እሺ። አንተ ግን ዝጉ፣ ስቀሉ እያልክ እኛን ስታስተምር ከርመህ! ያ የሚጮኸው ነገር ከየቤቱ ይውረድልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉ። ዋሽንቱን ሁሉም ይፈልገዋል፤ የተቃወማቸው ግን የለም። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «ቤቱ ያንቺ ነውና፣ ሰናይት፣ የምትጨምሪው አለ?»

ሁሉም አዩኝ። ጋሽ ደጀኔ ብቻ ወደ መሬት አዩ። «የለኝም» አልኩ።

ዋሽንቶቹን ያወረዱት ራሳቸው ጋሽ ደጀኔ ናቸው። በየቤቱ እየገቡ ምስማሩን ነቀሉ፣ ቀዳዳውን በጀሶ ደፈኑ። እኔ ቤት ሲደርሱ መቁረጫ ጣውላ ላይ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ ቀና አላልኩም። «ደግ ነው» ብለው ወጡ፤ ምኑ ደግ እንደ ሆነ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ በሐፍረት ተረጎምኩት። ጋሽ ደጀኔ ብቻቸውን መውጣት አቆሙ፤ ሲወጡ እትዬ ጫልቱ ክንዳቸውን ይዘው ነው። ሰው ለማየት አፍረው ነው አልኩ። አንድ ቅዳሜ በረንዳው ሁሉ ተራግፎ ለቆራሌው ተሰጠ። ተስፋ ቆርጠው ነው አልኩ። ቁልፌን እትዬ ጫልቱ ይዘውልኝ መጡና «ከዛሬ ጀምሮ ለሌላ ሰው ስጪ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ተቀይመውኛል አልኩና ለአንድ ሳምንት ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ ወረድኩ። እትዬ ለተብርሃን ጋሽ ደጀኔን ሲያገኙ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ያልፋሉ። ማክሰኞና ዓርብ ሰው እንደ ድሮው ቧንቧ ሥር ተቀምጦ ይውላል። ውሃው አራተኛ ፎቅ ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ የለም፣ ጄሪካን የሚልክም የለም።

ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ደረጃው ላይ ጋሽ ደጀኔን ሳገኛቸው «ዛሬ ለእትዬ ለተብርሃን እነግራቸዋለሁ» ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። «ደስ ሲልሽ» አሉኝ። አንዴ እትዬ ጫልቱ ከፊት ሲሄዱ ጠብቀው ወደ እኔ ዘወር አሉና «እየበረደላት ነው መሰለኝ» ብለው በሹክሹክታ ነገሩኝ። ያን ዕለት እትዬ ለተብርሃን በር ድረስ ሄድኩ። እጄን አነሣሁ። ከውስጥ የወንፊት ድምፅ ይሰማል። ሥራ ላይ ናቸው፣ አሁን አይመችም ብዬ ተመለስኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ።

ከቀብር በኋላ ድንኳኑ ግቢው ውስጥ፣ ያኔ ስብሰባው የተደረገበት ቦታ ላይ ተተከለ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል እትዬ ጫልቱ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። እትዬ ለተብርሃን ቆሎ የያዘ ሰፌድ ይዘው ለእንግዳ ያዞራሉ። ዓይናቸው አብጧል። ከገላን የመጡ አንዲት ዘመድ የጋሽ ደጀኔ ሕመም ምን እንደ ነበር እትዬ ጫልቱን ጠየቋቸው።

«ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ» አሉ እትዬ ጫልቱ። «ለእኔ ግን ቀድሞ ነው የሄደብኝ። አእምሮው ነው የቀደመው። ያ ውሃ የፈሰሰ ጊዜ ነው የጀመረው። እሱ እኮ ምንም የሚረሳ ሰው አልነበረም። ሰው ቤት ገብቶ ቧንቧ ክፍት ትቶ ወጣ ሲባል አባቱ መጨረሻቸው ላይ እንደዚያ ሆነው ነበርና ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ ብቻውን ለቅቄው አላውቅም። ምድጃ እንዳይነካ ከለከልኩት። ስልክ ቁጥሬን ጽፌ ኪሱ ውስጥ ከተትኩ፣ ቢጠፋ ሰው እንዲደውልልኝ። ያንን ፕላስቲክ ሁሉ ሰጠሁበት፤ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ ይቀራል ብዬ። አንድ ቀን ቦሌ ለሚ ልሂድ፣ አባቴ ያረሰበት አገር ነው፣ መንገዱን አውቀዋለሁ ቢለኝ፣ ቆልፌበት ገበያ ሄድኩ።»

ሴትየዋ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸው የከፈሉት የእትዬ ለተብርሃንን ኩርፊያ ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እሱ ራሱ በዝቶብኝ ሳለ፣ ከዚያ በላይ፣ በገዛ ቤታቸው እንደ ሕፃን ሲጠበቁ ኖረዋል። ያቺ «እርጅና ነው» ያሏት ቃል ቤታቸው ገብታ ተቀምጣለች።

ተነሥቼ ልሂድ ፈለግኩ። ታክሲ ሊያመልጠኝ ነው ልበል፣ ስልክ ተደወለልኝ ልበል። እግሬ ግን እንቢ አለ።

«እትዬ ጫልቱ» አልኩ። «ያን ቀን ቧንቧውን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ደጀኔ ቤቴ አልገቡም። ጠዋት አብረን ወጥተን እስከ ታክሲው አብረን ነው የሄድነው። ዋሽንቱን ሰቅዬው ነበር፤ ጥፋቱ የእሳቸው እንዲመስል አውርደው ሰኩት። ለእኔ ብለው ነው። አእምሯቸው ደህና ነበር።»

እትዬ ለተብርሃን ሰፌዱን እንደ ያዙ ቆመው ቀሩ። ቆሎው እየተንሸራተተ መሬት ይፈሳል፣ አላዩትም። «ሁለት ዓመት» አሉ ብቻ። «ሁለት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ።» እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

እትዬ ጫልቱ አላለቀሱም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ነገር እንዳመለጠው ሰው በጥንቃቄ ጠየቁኝ።

«ታዲያ መንገዱን አውቀዋለሁ ሲለኝ ያውቀው ነበር?»

«ያውቁት ነበር።»

«ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ ሲለኝስ?»

«አጥፍተውታል።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«ስቆልፍበት እንኳ አልተቆጣኝም» አሉ። «አንድ ቃል ቢናገረኝ ምን ነበረበት? ለምን ዝም አለኝ?»

ይህን መመለስ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እኔ እስክናገር እየጠበቁ ነበር» አልኳቸው።